የተዘለለችው ቁራጭና የአባቴ ጉበት

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ያየሁት ነገር ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ የዘረመል ግልባጭ እንደ ርዝመቱ በሚለይበት ስስ ጄል ላይ፣ በሐምራዊ መብራት የሚያበሩ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ከጤነኛው የጉበት ክፍል በመጣው ናሙና የላይኛው መስመር ደምቆ፣ የታችኛው ካለመኖር አይሻልም። ካንሰር ከያዘው ክፍል በመጣው ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ የላይኛው ጠፍቶ የታችኛው ቦግ ብሏል። ሁለቱም ናሙናዎች ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ጉበት፣ በጥቂት ጣት ርቀት የተቆረጡ ነበሩ። የቤተ ሙከራችን ፕሮፌሰር ከኋላዬ መጥታ አየችና «እሺ፣ ሠርቷል» ብላ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩን በቀላሉ ልንገራችሁ፤ ካልገባችሁ ጥፋቱ የኔ ነው። በህዋሳችን ውስጥ ያለው ዘረመል ልክ እንደተጻፈ አይነበብም። ህዋሱ መጀመሪያ ይገለብጠዋል። በግልባጩ መሃል ለሥራው የማይፈለጉ ረጃጅም ቁራጮች ስላሉ ጥቃቅን ሠራተኞች መጥተው እነዚያን ቆርጠው ይጥላሉ፤ የቀሩትን ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ይቀጥላሉ። ፕሮቲን የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዐይኔን ሳርገበግብ ይህ ይሠራል፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ይሠራል፤ ከወንድሜ ጋር ስጨቃጨቅም ይሠራል። በአንድ ቀን ውስጥ በሰውነቴ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠና እንደተቀጠለ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?

አንዳንዴ ግን ሠራተኞቹ መግባት የነበረባትን ቁራጭ ዘልለው ያልፋሉ። ዘረመሉ አልተበላሸም፤ ከፊደሉ አንዲት ሆሄ አልተለወጠችም። ግን አንድ ቁራጭ ጎድሏልና የሚወለደው ፕሮቲን ሌላ ነው። ጄሉ ላይ ከታች ያበራው መስመር ይህ ያጠረው ግልባጭ ነው። «በቃ፣ አትባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ያደርስ የነበረው አጥሮ ይወለድና ትእዛዙን ሳያደርስ ይቀራል። ህዋሱም መባዛቱን ይቀጥላል። ጉበት ወደ ካንሰር የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው፤ እኔም ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራው በዚህች አንዲት መንገድ ላይ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከወላጆቼና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እስራኤል አገር፣ ነታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ወንድሜ ወታደር ስለነበር የሚመጣው ለሻባት፣ ለሰንበት፣ ብቻ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት በባቡር ወደ ቤተ ሙከራዬ እሄዳለሁ። አባቴ ደግሞ አጠገባችን ወዳለችው ኤቨን የሁዳ ሄዶ የሰው አጥርና ሣር ሲከረክም ይውላል፤ ከዚያ በፊት ቴል ሞንድ እርሻ ላይ ብርቱካን ሲለቅም ኖሯል።

በእኛ ሰው ዘንድ አባቴ የሚታወቀው ግን በመቀስ አይደለም። ቆጣሪ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አናጋባም፤ ስለዚህ ሁለት ልጆች ሲፋቀሩ ከድግሱም ከአዳራሹም በፊት የሚቀድመው ቆጠራ ነው። ከሰሜን ከአፉላም፣ ከደቡብ ከቤር ሼቫም ይደውሉለታል። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ፣ ቲማቲም እየከተፈ፣ የአያትን አያት ስም እየጠራ በሙሽራው በኩል ሰባት ይወጣል፣ በሙሽሪት በኩል ሰባት ይወርዳል። በአንዲት ስም የሰው ሠርግ አስቀርቶ ያውቃል። እኔ ያመጣሁትን ልጅ እንኳ አምስተኛው ቤት ላይ ጣለብኝ፤ እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ያን ሁሉ ዘር በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው በጉበቱ ደግሞ አንድ ቫይረስ ይዞ ይዞር ነበር። በአገር ቤት የወፍ በሽታ የሚሉት፣ ዐይንን ቢጫ የሚያደርገው፣ በልጅነቱ አሞት «ለቀቀኝ» ብሎ የረሳው ነው። ቫይረሱ አልረሳውም፤ ውሎ አድሮም ጉበትን ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ጤና ጣቢያችን፣ ሄዶ ጉበቱን በአልትራሳውንድ ይታይ ነበር። ሁልጊዜ «ንጹሕ ነህ» ይባላል፤ እሱም «አላልኳችሁም?» እያለ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ግን መርማሪዋ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ አቁማ ቀረች። ሌላ ምርመራ ታዘዘ፤ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ ውጤት ለመስማት አንድ ሆስፒታል አብረን ሄድን።

የአባቴ ዕብራይስጥ የብርቱካን እርሻ ዕብራይስጥ ነው፤ ለሐኪም አይበቃም። አስተርጓሚዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ «ጊዱል ማምኢር» አለ። ክፉ እድገት ማለት ነው፤ ካንሰርን በጨዋ አነጋገር። አባቴ ካንሰር የሚለውን ተራ የዕብራይስጥ ቃል ያውቀዋል፤ ይህን የሐኪሞች አባባል ግን ሰምቶት አያውቅም። ወደኔ ዞረ።

«ምን ይላል?»

«ትንሽ እብጠት አለች ይላል፣ አባ። ባቄላ የምታህል።»

ባቄላ ያለው ሐኪሙ ራሱ ነው። ትንሽ ያለውም እሱ ነው። እኔ አንዲት ቃል ብቻ ዘለልኩ፤ ቀሪውን በደንብ አድርጌ ቀጠልኩት። ፊቴም ፈገግ ብሎ ነበር። አባቴ «ባቄላማ ምን ትሆነኛለች» ብሎ ጃኬቱን ለበሰ። የሠራሁት ምን እንደሆነ የገባኝ በነጋታው ባቡር ላይ ነው፤ ልክ እንደ ሠራተኞቹ አንዲት ቁራጭ ዘልዬ የቀረውን ቀጥያለሁ፤ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። ኩሽና ውስጥ ባገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ሰውን ኸበሽታው በፊት የበሽታው ስም ይገለዋል። የሆድን በሆድ ይዘሽ ቁጭ በይ።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የራሳችን ተረት። እኛ ደግሞ በሽታውን የደበቅነው ከበሽተኛው ነበር፤ ለዚህ ተረት የወጣለትም አይመስለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሐኪሟ ዘንድ ቀረብን። ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። እብጠቷ አንድ ብቻ መሆኗን፣ ጉበቱ ጫፍ ላይ መቀመጧን፣ የቀረው ጉበት ደህና መሆኑን ነገረችን። አሁን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ከቆየ ግን ላይቻል ይችላል። ይህን ሳልቀንስ ተረጎምኩ። አባቴ ሳቀ።

«ላላመመኝ ነገር ሆዴን ላስቀድድ? በያት፣ ባቄላዋ እንግዳ ናት፣ እንግዳ አይባረርም።»

አባቴ ይህን ብሎ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ሐኪሟ እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። «ካንሰር መሆኑን ያውቃል?» አለችኝ። ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። «ምን እንዳለበት የማያውቅ ሰው ሆድ አልከፍትም» አለች። «እሑድ ተመለሱ። እስከዚያ ይወቅ።» ያ ቀን ማክሰኞ ነበር።

በዚያ ሳምንት ቤተ ሙከራ ውስጥ እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ የለም። የናሙና ቱቦዎቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም የላቸውም። ድሮ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ግን እያንዳንዱን ሳነሳ ይህ የማን አባት ነው እላለሁ። ሥራው ደግሞ የባሰውን አሳየኝ፦ በካንሰሩ ናሙናዎች ውስጥ ቁራጯን ከሚያዘልሉት ሠራተኞች አንዱ ከመጠን በላይ በዝቶ ነበር። ሠራተኛው ራሱ አልታመመም፤ የተለመደ ሥራውን ነው የሚሠራው፤ በዝቶ ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር በዐይኔ እያየሁ፣ ለገዛ አባቴ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። ረቡዕ በመኪና ውስጥ ጀምሬ ስለ ዝናብ አወራሁ። ሐሙስ ገበያ ውስጥ ጀምሬ ስለ ሐብሐብ አወራሁ። አባቴ «ምን ነካሽ፣ ወሬሽ ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል» አለኝ።

የአባቴን ታናሽ ወንድም፣ አጎቴን፣ ጠራሁት። ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ከባድ ነገር በልጅ አፍ አይነገርም» አለ። «በሽማግሌ ነው። ዓርብ ማለዳ፣ ሥራ ሳይሄድ፣ ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሥርዓቱ እንዲህ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ይሥራው አልኩ። ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም በግድ እሺ አለች። ከሁላችንም አንድ ሰው ቆም ብሎ አላሰበም።

በእኛ ሰው ዘንድ ሽማግሌዎች በማለዳ፣ ተሰብስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሰው በር የሚያንኳኩት ለአንድ ነገር ነው፤ መርዶ ለመንገር። ሰው ሌሊቱን አርፎ እንዲተኛ ይተዉትና ሲነጋ ይመጡበታል። የወታደር ቤት ደግሞ በዚህ አገር በር ሲንኳኳ ምን እንደሚያስብ መንገር አያስፈልግም። ወንድሜ ድንበር ላይ ነበር፤ ሁለት ቀንም አልደወለም። እኔ የተማርኩት፣ ስለ ህዋስ አፌን ሞልቼ የማወራው፣ ይህን አላሰብኩም።

ዓርብ ማለዳ አባቴ የሥራ ሱሪውን ለብሶ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላ አጣፍተው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል። ትልቁ ሽማግሌ በዝግታ «እንዴት አደርህ» አሉት።

አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ «ልጄን!» ብሎ ጮኸ፤ ደረቱን መታ፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። እናቴ ከኩሽና ሮጣ ወጣች። ሁሉንም ነገር ታውቃለች፣ ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ታውቃለች፤ እሱን መሬት ላይ ስታየው ግን የምታውቀው ሁሉ ጠፋባትና እሷም «ልጄን!» ብላ ፊቷን ነጨች። የፊት ለፊት ጎረቤታችን በሌሊት ልብሷ ብቅ አለች። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ሰው ልጅ ፈተና ያዘጋጁትን ንግግር ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

አጎቴ ከሁላችንም በላይ ጮኸ። «ኧረ ልጁ ደህና ነው! አንተ ነህ! የታመምኸው አንተ ነህ! ካንሰር ነው!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሬዲዮው ብቻ ያወራል።

«ልጁስ?» አለ አባቴ ከወለሉ ላይ።

«ደህና ነው አልሁህ።»

«ደውሉለት።»

ደወልኩ። ወንድሜ ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳ፤ ድምፁ እንቅልፍ ነው። «ማ ካራ?» አለ፤ ምን ሆናችሁ ማለቱ ነው። «ለሻባት እመጣለሁ እኮ፣ ብታስተኙኝ።» አባቴ ስልኩን ነጥቆኝ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ትንፋሹን እንኳ አዳመጠ። «ምንም የለም» አለው። «ተኛ፣ ልጄ፣ ተኛ።»

ስልኩን መለሰልኝና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ተመስገን!» አለ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ! ተመስገን!» ከዚያም መሳቅ ጀመረ፤ እንባው በጢሙ እስኪወርድ ሳቀ። ትልቁ ሽማግሌ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን መርዶ ተናግሬያለሁ» አሉ፤ «የገዛ መርዶውን ሰምቶ የሚስቅ ዛሬ ገና አየሁ።»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር። በማይክሮስኮፕ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይቻለሁ። ያን ፊት የሚያህል ግን አላየሁም፤ ካንሰር እንዳለበት ሰምቶ እንደ ሙሽራ የሚያበራ ፊት። ይህ ሰው የኔ አባት ነው ብዬ አሰብኩና ፈራሁት፤ እግሩ ሥር መንበርከክ አማረኝ።

ሰዎቹ ቁርስ በልተው ሲሄዱ አባቴ ከሥራ ቀረና ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠኝ። «በይ አሁን ንገሪኝ» አለ። «ይህች ባቄላ ምን ትሠራለች?»

ወረቀት አወጣሁ። በእሱ ጉበት ውስጥ በትክክል የሆነውን እንደማላውቅ፣ እኔ የማጠናውን አንዱን መንገድ ግን ልነግረው እንደምችል ነገርኩት። መስመር አሰመርኩ፤ ቁራጮቹን ቀባሁ፤ አንዷን በጣቴ ሸፍኜ የቀሩትን አገናኘሁ። «ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው፣ አባ። የጎደለችው አንዲት ቁራጭ ናት» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«አንዱን አያት ዘልሎ መቁጠር ነዋ» አለ። «የጠራኸው ስም ሁሉ እውነት ነው፤ ቆጠራው ግን ውሸት። ወንድምን ኸእህቱ ታጋባለህ።»

እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው።

«ለምንድን ነው የሚዘልለው?» አለ።

«ሠራተኞቹ ይበዛሉ።»

«እህ! ቆጣሪ ሲበዛማ ቆጠራ ይበላሻል። ለአንድ ሠርግ ሦስት ቆጣሪ ጠርተው አይቻለሁ፤ ሙሽራውን ለገዛ አክስቱ ሊድሩት ምንም አልቀራቸውም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ሌላውን ጊዜስ? ሳይሳሳት ነው የሚቆጥረው?»

«አብዛኛውን ጊዜ አዎ።»

«ቀንና ሌሊት? እኔ ሳልነግረው?»

«አንተ ሳትነግረው።»

እጁን በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር አኖረ። የራሱን ሆድ የሰው ሆድ ይመስል ረጅም ጊዜ አየው። «እኔ ሰባት ስም ስቆጥር ላብ ያጠምቀኛል» አለ።

እሑድ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስን። ገና ልተረጉም አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። በእርሻ ዕብራይስጡ «ካንሰር ነው። አውቃለሁ። ቁረጪ» አላት። እሷም የመጀመሪያውን ወረቀት አቀረበችለት፤ ፈረመ። ሁለተኛ ወረቀት ነበር፤ ከሚወጣው ላይ ትንሽ ለምርምር ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ። አነበብኩለት። «ይዩት» አለና ፈረመ፤ «እኔ ምን ላደርገው ነው?» ያ ቁራጭ ወደ እኛ ቤተ ሙከራ ይምጣ ወደ ሌላ እስከዛሬ አላውቅም። ቱቦዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ባቄላዋ ከነዙሪያዋ ወጣች። ሐኪሟ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወጥታ፣ የቀረው ጉበት በወራት ውስጥ አድጎ የጎደለውን እንደሚሞላ ነገረችን። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ፈተናም ወስጄበታለሁ። እናቴ ግን «ተመልሶ ይበቅላል?» ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ በሦስተኛው ላይ እኔም ገና እንደሰማሁት ሆኜ ተገረምኩ።

በሦስተኛው ቀን አባቴን በኮሪደሩ ሳራምደው መስኮት አጠገብ ቆመ። የቆመው ስፌቱ አሞት መስሎኝ ነበር።

«አንቺ» አለኝ።

«አቤት፣ አባ።»

«ያን ቀን ሐኪሙ ሲናገር፣ አንቺም ያኔ ነው የሰማሽው? ቀድሞ የነገረሽ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«ለእኔ ሦስት ሰው መጣልኝ» አለ። «ለአንቺ ማን መጣልሽ?»

ልቀልድ ፈልጌ ነበር፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ክንዴን ይዞ ወደ ክፍሉ መለሰኝ፤ እያቃሰተም ቢሆን እኔን ወንበሩ ላይ፣ ራሱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ትራሱ ላይ የነበረውን ነጠላ አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገው። በአንድ እጁ ስፌቱን ደግፎ፣ ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ» አለ። «ሰው ነንና ይደርስብናል። አባትሽ ታሟል። ካንሰር ይዞታል። እኛ ኸአጠገብሽ አለን።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ላልቅስ ብዬ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ጮክ ብዬ፣ እንደ አገሬ ሰው፣ ከወገቤ ታጥፌ። በሚቀጥለው አልጋ ላይ የተኛው ሽማግሌ ደንግጦ የነርስ ደወል ሊጫን እጁን ዘረጋ። አባቴ በእጁ ከለከለውና በዕብራይስጥ፣ «ተዋት» አለው፤ «አሁን ገና ነው የሰማችው።»